መቅደላ ላይ የተገኘው ሽጉጥ፦ የአፄ ቴዎድሮስ ሕይወትና በብር ሰሌዳ ላይ የቀረው ምስጋና

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ ነበር። የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን የመጀመሪያ በር ሰብሮ ወደ አምባው ዘለቀ። ቀድመው ከገቡት መካከል ሁለት ወታደሮች ከሁለተኛው በር አቅራቢያ አንድ ሰው ወድቆ አገኙ። ሰውየው የሞተው በገዛ እጁ አፉ ውስጥ በተኮሰው ጥይት ነበር። ሽጉጡን አንስተው ሲመለከቱት ደግሞ እጀታው ላይ በተተከለች ትንሽ የብር ሰሌዳ በእንግሊዝኛ የተቀረጸ ጽሑፍ አዩ። ጽሑፉ መሣሪያው ከታላቋ ብሪታኒያና ከአየርላንድ ንግሥት ከቪክቶሪያ ለአቢሲኒያ ንጉሠ ነገሥት ለቴዎድሮስ የተበረከተ መሆኑን ይናገራል። ምክንያቱንም ይገልጻል፤ ንጉሡ ለንግሥቲቱ አገልጋይ ለፕላውደን ስላሳዩት ደግነት የቀረበ ምስጋና ነው። ዓመተ ምሕረቱ በአውሮፓውያኑ 1861 ነው።

ሽጉጡን የላከችውና ጦሩን ያዘመተችው አገር አንድ ናት። በምስጋናውና በሞቱ መካከል ያለውም ጊዜ ሰባት ዓመት ብቻ ነው። የዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ በቴአትር፣ በልብ ወለድ፣ በታሪክ መጻሕፍት ተደጋግሞ ተተርኳል። በዚህች ሰሌዳ በኩል የተመለከተው ግን የዚያን ሕይወት እጅግ መራራ ክፍል፣ ማለትም ከእንግሊዝ ጋር የነበረውን ወዳጅነት አነሣሥና አወዳደቅ ያገኛል። የተወረሰ የጦር መሣሪያ እንዴት ይጸዳል፣ እንዴትስ ይጠበቃል የሚለው ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል። በብር ላይ የተቀረጹ ፊደላትን ቀስ በቀስ የሚያጠፋቸው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ፣ ያውም ለማሳመር ብሎ ነውና።

ከቋራ እስከ ደረስጌ

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከመኳንንት ወገን ቢሆኑም ልጃቸው ገና ሕፃን ሳሉ ዐረፉ። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ችግር ቢጸናባቸው ኮሶ እየሸጡ አሳደጓቸው ይባላል፤ ይህን ወሬ ጠላቶቻቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ለስድብ ተጠቅመውበታል። ካሣ የቤተ ክህነት ትምህርት በጀመሩበት ገዳም ላይ በመሳፍንቱ ጠብ ሳቢያ ጥቃት ሲደርስ በሕይወት ከተረፉት ልጆች አንዱ ነበሩ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው፤ በጎንደር ንጉሥ ተብሎ የሚቀመጠው ስም ብቻ ይዞ፣ ሥልጣኑ ግን ጦር ባላቸው መኳንንት እጅ የነበረበት ጊዜ።

ካሣ ጎልምሰው ቋራ በረሃ ውስጥ ሸፈቱ። ተከታያቸው እየበዛ፣ ኃይላቸው እየከበደ ሲሄድ የየጁው ራስ ዓሊና እናታቸው እቴጌ መነን በጋብቻ ሊይዟቸው ሞከሩ። የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩላቸው። ጋብቻው ለፖለቲካ ተብሎ ቢፈጸምም ካሣ ተዋበችን ከልብ እንደወደዷት፣ ሞቷም ጠባያቸውን እንደለወጠው በዘመኑ የነበሩ ሰዎች መስክረዋል። ከአማቶቻቸው ጋር ግን አልቆዩም፤ ዳግመኛ ሸፈቱ።

በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ወሰን አካባቢ ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር የገጠሙት ውጊያ የሕይወታቸው ትልቁ ትምህርት ቤት ሆነ። በሥርዓት የሠለጠነና መድፍ የያዘ ሠራዊት ጀግንነትን ብቻ የታጠቀውን ሠራዊታቸውን ሰባበረው። ከዚያ ቀን በኋላ የካሣ ልብ ከመሣሪያ አልተለየም። ይህ ጉጉት ኋላ ላይ ለሚመጣው ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ አንባቢ በልቡ ይያዘው።

ቀጣዮቹ ዓመታት በፍጥነት አለፉ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረጉ። ውቤ ለራሳቸው ዘውድ መጫኛ ብለው ባሠሯት ደረስጌ ማርያም፣ በጳጳሱ በአቡነ ሰላማ እጅ፣ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ሁለቱ እንግሊዛውያን

አዲሱ ንጉሥ ሁለት የውጭ አገር ወዳጆች ነበሯቸው። አንደኛው ሊቀ መኳስ ተብለው የተሾሙት ጆን ቤል ናቸው፤ አገሩን ለምደው፣ ትዳር መሥርተው፣ ከንጉሡ ጎን የማይለዩ ሰው ሆነው ነበር። ሁለተኛው ምጽዋን መቀመጫቸው አድርገው የብሪታኒያ ቆንስል የነበሩት ዋልተር ፕላውደን ናቸው። ፕላውደን አብዛኛውን ጊዜያቸውን ያሳለፉት በቆንስልነታቸው ወደብ ሳይሆን በመሀል አገር፣ በንጉሡ ሰፈር ነበር። ቴዎድሮስ ስለ አውሮፓ፣ ስለ ዘመናዊ ጦርና አስተዳደር ያወቁት አብዛኛው ነገር ከእነዚህ ሁለት ሰዎች የመጣ ነው። ለእንግሊዝ የነበራቸው ከፍ ያለ ግምትም ከዚያው የተቀዳ ይመስላል። ወዳጆቻቸው የአገራቸው ፍጹም ምስል እንደሆኑ አድርገው አሰቡ፤ በእኔ ግምት ስሕተቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

በ1852 ዓ.ም. ፕላውደን ወደ ባሕር ሲመለሱ ጎንደር አቅራቢያ በሸፈተው በንጉሡ ዘመድ በጋረድ ሰዎች ተጠቁ፤ ቆስለውም ተያዙ። ገንዘብ ተከፍሎ ተለቀቁ፤ ሆኖም ቁስሉ አላዳናቸውምና ሞቱ። ቴዎድሮስ ወዳጃቸውን ለመበቀል ዘመቱ። ጋረድ ተገደለ፤ ቤልም ከንጉሡ ጎን ሲዋጉ ወደቁ። ከውጊያው በኋላ ንጉሡ ምርኮኞቹን በጅምላ ፈጁ። የብር ሰሌዳው የሚያመሰግነው ደግነት ከኋላው ይህን ያህል ደም ነበረበት።

የለንደን መንግሥት በፕላውደን ምትክ ቻርልስ ዱንካን ካሜሮንን ቆንስል አድርጎ ሲልክ የንግሥቲቱን ስጦታ አስያዛቸው። ሽጉጦቹ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ በአፄ ቴዎድሮስ እጅ ገቡ። መሣሪያ ከምንም በላይ ለሚወዱ ንጉሥ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አልነበረም። በዚያው ጥቅምት ወር ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። አገራቸውን ስለከበቡት ቱርኮች አነሱ፤ መልእክተኞቻቸው በደኅና ወደ ለንደን የሚደርሱበትን መንገድ ጠየቁ፤ ወዳጅነትን አቀረቡ።

ደብዳቤው ለንደን ደረሰ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ግን ሳይመልስለት አስቀመጠው። ብሪታኒያ በዚያን ጊዜ ከኦቶማን መንግሥት ጋር የነበራት ጥቅም ከሩቅ ተራራማ አገር ንጉሥ ይልቅ ይመዝን ነበር። ቴዎድሮስ ወር ቆጠሩ፤ ዓመት ቆጠሩ። በመጨረሻ በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንን አሰሩ፤ ሌሎች አውሮፓውያንም ከእርሳቸው ጋር ታሰሩ። መልስ ይዘው በ1858 ዓ.ም. የደረሱት ሆርሙዝድ ራሳም መጀመሪያ በክብር ተቀበሏቸው፤ በኋላ ግን እርሳቸውም ከእስረኞቹ ተደመሩ።

ከጋፋት እስከ መቅደላ

በዚህ መካከል አገሪቱ ከንጉሡ እጅ እየወጣች ነበር። ለወታደር ደመወዝ መክፈልን፣ የቤተ ክርስቲያንን መሬት መቀነስን፣ መሳፍንቱን ከየግዛታቸው መንቀልን የመሳሰሉ ውጥኖቻቸው ጠላት አበዙባቸው። ወዳጅም ጠላትም የማይለይ ቅጣታቸው ደግሞ የቀሩትን አራቃቸው። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ገቡ። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. በንጉሡ ትእዛዝ ተዘርፋ ተቃጠለች። አንድ ያደርጋታል የተባለለት ንጉሥ የቀድሞዋን መናገሻ ከተማ ሲያቃጥል ያየ ሕዝብ ምን ሊያስብ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ቴዎድሮስ ግን የደባርቂን ትምህርት አልረሱም። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የነበሩ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን መድፍ ካልሠራችሁ ብለው ያዟቸው። ከብዙ ሙከራ በኋላ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ይህን ብረት ተራራ እያስናዱ፣ ገደል እያስደለደሉ፣ እርሳቸውም ከሕዝቡ ጋር ድንጋይ እየፈነቀሉ ወደ መቅደላ ጎተቱት። ጉዞው ወደ ስድስት ወር ፈጀ።

በዚያው ወራት ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ከቦምቤይ የተነሣ 13 ሺህ ያህል ወታደር ዙላ ላይ አራግፈው፣ 44 ዝሆኖች አስከትለው ወደ ደጋው ይወጡ ነበር። በስቅለት ዕለት አሮጌ ሜዳ ላይ ጦሩ ተገናኘ። ፊታውራሪ ገብርዬ እየመሩት የወረደው የቴዎድሮስ ሠራዊት በአዲሱ የስናይደር ጠመንጃ ታጨደ። ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሲሞቱ ከ1 ሺህ በላይ ቆሰሉ፤ ገብርዬም ከወደቁት አንዱ ነበሩ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ገደማ ብቻ ናቸው። ሴባስቶፖል አልረዳም።

ከውጊያው ማግስት ንጉሡ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው በዙሪያቸው የነበሩት ከለከሏቸው። አውሮፓውያን እስረኞችን ለቀቁ፤ በፋሲካ ዕለትም የከብት መንጋ ስጦታ ሰደዱ። ናፒየር ግን የንጉሡን እጅ መስጠት እንጂ ዕርቅ አልፈለጉም። ሰኞ ዕለት ጥቂት ታማኞቻቸውን ብቻ ይዘው በሩን ሲጠብቁ ዋሉ። ሌላው የሚታወቅ ነው።

ብርን የሚበላው ጨርቅ

አምባው ተዘረፈ። ወታደሮቹ ከንጉሡ ልብስና ፀጉር ሳይቀር እየቆረጡ ወሰዱ። ብራናው፣ ዘውዱ፣ ጽዋውና መስቀሉ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ወረደ፤ እዚያም ሁለት ቀን የፈጀ ጨረታ ተካሄደበት። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላኩት ሪቻርድ ሆልምስ ከገዢዎቹ አንዱ ነበሩ። የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ ተወሰዱ፤ በ18 ዓመታቸው እዚያው ሞተው ዊንድዘር ተቀበሩ።

የቀረው በየወታደሩ ሻንጣ ገብቶ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ተላለፈ። ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሙዚየም በአውሮፓውያኑ 2019 ለኢትዮጵያ የመለሰው የንጉሡ ፀጉር፣ አስከሬናቸውን የሣለ ሰው ዘመዶች በ1959 የሰጡት ነበር። በ2021 ዶርሴት ውስጥ ለጨረታ ሊቀርቡ የነበሩ የመቅደላ ዕቃዎች ከሽያጭ ወጥተው ወደ አገር ተመልሰዋል። በ2024 ደግሞ ኒውካስል ላይ አንድ ጋሻ ከጨረታ ተነሥቷል። ስለዚህ የመቅደላ ቅርስ ጉዳይ የትልልቅ ሙዚየሞች ብቻ አይደለም፤ አያታቸው ያመጡትን ዕቃ ሣጥን ውስጥ ያገኙ ቤተሰቦችም ጉዳይ ነው። በእኛም አካባቢ፣ ከዓድዋና ከማይጨው የተረፈ ጠመንጃ ወይም ሽጉጥ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ቤት ጥቂት አይደለም።

እንዲህ ያለ መሣሪያ የወረሰ ሰው የመጀመሪያ ስሜቱ ማብረቅ ነው። የቅርስ ጥገና ባለሙያዎች ከሁሉ በፊት የሚከለክሉት ይህንኑ ነው። የቴዎድሮስን ሽጉጥ ዓይነት የብር ሰሌዳ ብንወስድ፣ ብሩን የሚያጠቁረው ከአየር የሚያገኘው ድኝ ከላዩ ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ በተፈገፈገ ቁጥር ከብሩም ጥቂት አብሮ ይነሣል። አንድ ጊዜ ቢሆን አይታወቅም። በየበዓሉ ለሃምሳና ለመቶ ዓመት ከተፈገፈገ ግን የተቀረጹት ፊደላት ጠርዛቸው ይለሰልሳል፣ ይሳሳሉ፣ በመጨረሻም ይጠፋሉ። አመድ፣ አሸዋና ሎሚ ለድስትና ለብርሌ ይሁኑ እንጂ ለዚህ አይሆኑም፤ አመድና አሸዋ ይፍቃሉ፣ ሎሚ ደግሞ አሲድ ነው።

ሆኖም ከማጽዳት በፊት የሚቀድም ነገር አለ። መሣሪያው ያልጎረሰ መሆኑ መሣሪያ በሚያውቅ ሰው መረጋገጥ አለበት። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሽጉጦች ጥይትና ባሩድ እንደያዙ ተቀምጠው የሚገኙበት ጊዜ አለ፤ ባሩድ ደረቅ ከሆነ ከመቶ ዓመት በኋላም ይቀጣጠላል። ቃታውን እየሳቡ መሞከር፣ በተለይም ልጆች ባሉበት፣ ለአደጋ መጋበዝ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለና የአያት መሣሪያ ነው ማለት ከፈቃድ ነፃ ያደርገኛል ብሎ ማሰብ አይገባም።

ብረቱን በተመለከተ ባለቤቱ ሁለት ዓይነት ዝገት መለየት ይኖርበታል። አንደኛው ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ጠንካራና ለስላሳ ነው፤ ይህ የዕድሜው ቆዳ ነውና አይነካም። ሌላው ቀላ ያለ፣ በጣት ሲነካ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ነው፤ ይህኛው ገና እየበላ ያለ ዝገት በመሆኑ መገታት አለበት። የሚገታው ግን በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ አይደለም። አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል፤ ቀጥሎ ቀጭን የማሽን ዘይት የነካ የጥጥ ጨርቅ በቀስታ ይታሻል፤ ትርፉም ተጠርጎ ይወጣል። የምግብ ዘይትና የእንስሳት ስብ ከጊዜ በኋላ ይኮመጥጣሉ፣ እንደ ሙጫም ይጣበቃሉ፤ ስለዚህ አባቶች ያደርጉት የነበረ ቢሆንም አይመከርም። አፈሙዙ ውስጥ የቀረ የባሩድ ጥላሸት ካለ ርጥበት ስለሚስብ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። ከእንጨት የተሠራ እጀታ ዘይት አይቀባም፤ ስስ ሰም ይበቃዋል። ባዶ እጅም ጠላት ነው፤ የላብ ጨው ብረት ላይ የጣት አሻራ ቅርጽ ያለው ዝገት ይተክላል። ጓንት ርካሽ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን በማስቀመጫው ነው። ሽጉጡ ከቆዳ ማኅደሩ ጋር አብሮ የመጣ ከሆነ አብሮ ማስቀመጥ ተገቢ ይመስላል። ቆዳ ግን ርጥበት ይይዛል፤ ሲለፋ የገባበት ኬሚካልም ብረትን ይበላል። ሁለቱ ጎን ለጎን እንጂ አንዱ በሌላው ውስጥ አይቀመጡም። የአየሩ ርጥበት ከ50 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። በደጋ በጋው ቸር ነው፤ ክረምቱ ግን ይፈትናል። ምጽዋ፣ ጅቡቲ ወይም ሞምባሳ ላለ ሰው ደግሞ ከባሕር የሚመጣው ጨዋማ አየር ዓመቱን ሙሉ ፋታ አይሰጥምና መሣሪያውን ርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር በሚገጥም ሣጥን ማኖርና በየወሩ ከፍቶ ማየት ይበጃል።

ጨርቁ ከመነካቱ በፊት ግን አንድ ሥራ ይቀራል። መሣሪያው ከሁሉም አቅጣጫ በጥሩ ብርሃን ፎቶ ይነሣ፤ ጽሑፍ፣ ቁጥርና ማኅተም ካለው ለብቻው፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመታው ይነሣ። ከፎቶው ጀርባ ወይም ከጎኑ በሚቀመጥ ወረቀት ላይ ማን ታጥቆት እንደነበር፣ ከየት እንደመጣ፣ ለማን እንደተላለፈ በእርሳስ ይጻፍ። መቅደላ ላይ ሽጉጡን ያነሡት ወታደሮች የማን እንደሆነና ለምን እንደተሰጠ ሊያውቁ የቻሉት አንድ ሰው አስቀድሞ በብር ላይ ስላስጻፈው ነበር።